በአደራ የቆመ ቤት

ይህ ምስክርነት ስለ አንድ ቤትና ቤቱን ስላቆሙልኝ ሰዎች ነው። ቤቱ አዲስ አበባ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ወለሉ የተነጠፈበትና በሩ የተገጠመበት ገንዘብ ግን የጃቢ ጠህናን ወረዳ ባሕር ዛፍ ተሸጦ የተገኘ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ባንክ በተዘጋበት፣ መንገድ በተቆረጠበት፣ ስልክ በጠፋበት ሰሞን ያንን ብር ወገቤ ላይ አስሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በጭቃ ተጉዣለሁ።

በዚያ ክረምት በሁለቱ ከተሞች የነበሩ ብዙ ሰዎች በገንዘብ የማይተካ ነገር አጥተዋል። ልጃቸውን የቀበሩ አሉ። እኔ ተርፌ ለቤተሰቤ የበቃሁ ሰው ነኝ። አገር ሲዘጋ የሰው ግዴታ አብሮት አይዘጋም፤ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ዕዳ፣ የልጅ ጉሮሮ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሰውን የሚያሻግረው ምን እንደሆነ በዓይኔ ስላየሁ መመስከር ይገባኛል ብዬ ነው የምጽፈው።

የተወለድኩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የጃቢ ጠህናን የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ በቆሎና በርበሬ እያመረተ አስተማረኝ። መምህር ሆኜ አዲስ አበባ ተቀጠርኩ፤ እዚያው ትዳር ያዝኩ፤ ልጆችም ወለድን። በከተማዋ የመጀመሪያው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በ1997 ዓ.ም. ሲካሄድ እኔ ገና አልደረስኩበትም ነበር። በ2005 ዓ.ም. ክረምት የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 ምዝገባ ሲከፈት ግን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን በ20/80 ባለ አንድ መኝታ ተመዘገብኩ። የሚቆጠበው በወር 274 ብር ነበር። አሳቡ ቀላል ነው፤ ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ይቆጥባል፣ ዕጣ ሲወጣለት ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር በረጅም ዓመታት ይከፍላል።

እኔና ባለቤቴ በዚያች ቤት ላይ አንድ ዕድሜ ሙሉ አቅደንባት ነበር። ልጆቹ እስኪያድጉ እንኖርባታለን፤ ጡረታ ስወጣ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ቤቷን እናከራያታለን። የመምህር ጡረታ ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ኪራይ ቢደገፍበት ግን በአገር ቤት ያኖራል። እናቴን ሳልጦር እንዳልቀር፣ ልጆቼም ከተማ ውስጥ የእኛ የሚሉት ቦታ እንዳያጡ የምናየው መንገድ ይኸው ነበር።

ቁጠባው ዓመታት ፈጀ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ50 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ስማችን አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በዚያም አልነበርንም። በትምህርት ቤታችን የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ ግን ስሟ ወጥቶላት ቡና አፍልታ አብረን ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ የዕጣው የኮምፒውተር ሥርዓት ተነካክቷል ተብሎ የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰረዘው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በድጋሚ ሲወጣ የእርሷ ስም ቀርቶ የእኔ ወጣ። በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ዓይኗን ማየት ከብዶኝ ሳለ እርሷ ቀድማ መጥታ አቀፈችኝ። ይህችን ሴት አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላም የምትመጣበት ቦታ አለ።

ውሉን ተዋዋልን። ቅድመ ክፍያውን ለማሟላት ቁጠባችንም ዕቁባችንም አለቀ። ቁልፉን ተቀብለን ስንገባ ያገኘነው ግድግዳና ጣሪያ ነው። የውስጥ በር የለም፣ ወለሉ ያልተነጠፈ ሲሚንቶ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ዕቃ አልተገጠመለትም፣ ከመስኮቱም መስታወቱ የጎደለ ነበር። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕጣው ሲወጣ ሰው እልል ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሴራሚኩ፣ ልስኑ፣ ቀለሙ፣ የመብራት ገመዱ፣ ቧንቧው ሌላ ቤት የመግዛት ያህል ገንዘብ ይጠይቃል። በዚያው ሰሞን ያከራየን ሰው «ቤት ደርሷችሁ የለ፤ እስከ አዲስ ዓመት ልቀቁልኝ» አለን። የባንኩም ወርሃዊ ክፍያ ከፊታችን ቆሞ ነበር።

የቀረን የአባቴ ባሕር ዛፍ ነበር። መሬት አይሸጥም፤ በላዩ የበቀለው ዛፍ ግን የተከለው ሰው ሀብት ነው። አባቴ ከማረፉ በፊት ለልጆቹ ያካፈለው ቁጥቋጦ ለአጠና ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባለቤቴንና ልጆቼን ትቼ በሐምሌ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። ድርሻዬን ሸጬ፣ ለእናቴ የዓመት ቀለብ አስገብቼ፣ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ልመለስ ነበር አሳቤ።

ያ ክረምት ገና ከመግባቱ ለገበሬው ከባድ ነበር፤ ማዳበሪያ በጊዜው አልደረሰም ብሎ ሕዝቡ አዝኖ ነበር። ዛፉን የገዛኝ የእንጨት ነጋዴ ሒሳቡን በጥሬ ብር ቆጥሮ ሲሰጠኝ በአማራ ክልል ግጭት በየአቅጣጫው ተነሥቶ ነበር። በማግሥቱ ባንክ ላስገባ ብሄድ በሩ ተዘግቷል። ሐምሌ 28 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የስልኩም መስመር ይመጣል ይሄዳል፣ ከዚያም ሄዶ ይቀራል። መኪና ቆመ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ የነበረው ፍኖተ ሰላም ባሕር ማዶ የሆነ ያህል ራቀ።

እሑድ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበርን። እኔ በከተማው ውስጥ በታላቅ እህቴ ቤት ነበርኩ። የፍንዳታው ድምፅ ሲመጣ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ ረገፈ። እህቴ ልጆቿን በክንዷ ሰብስባ መሬት ላይ ተደፋች። ከዚያ ዝም አለ፤ ከዝምታው ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ግን ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው ወደ ሆስፒታሉ ይሮጥ ነበር፤ በቃሬዛ፣ በጋሪ፣ በጀርባው። እኔም ከጎረቤት ጎልማሶች ጋር የቆሰለ ሽማግሌ ተሸክመን ደረስን። ግቢው ሞልቶ ነበር። ነርሶቹ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ይሠሩ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን እያለቀባቸው ነበር። እህቴ አንሶላዎቿን ቀዳ ላከች። በዚያ ቀን ቢያንስ 26 ሰዎች እንደሞቱ አንድ የሆስፒታሉ ኃላፊ ለውጭ የዜና ወኪሎች ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በማግሥቱ ባወጣው መግለጫ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን ጥቃቶችና የከባድ መሣሪያ ድብደባ እንደደረሱ፣ ሲቪሎችም እንደተጎዱ ታማኝ መረጃ እንደደረሰው ገልጿል። እነዚህን ቃላት ያነበብኳቸው ከወራት በኋላ ነው። በቦታው ላይ የነበርን ሰዎች የምናውቀው ቀብሩን ነው፤ በዝናብ ውስጥ፣ በችኮላ፣ ለቅሶ እንኳ በወጉ ሳይደረግ።

ለሳምንት ያህል ገንዘብም ቤትም ከአሳቤ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ግን ከነጭንቀታቸው ተመለሱ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከልጆቻችን ጋር ብቻዋን ናት፤ እጇ ላይ ምንም የለም፤ አከራዩ የሰጠው ቀን እየቀረበ ነው። ብሩ እኔ ጋ ነው፤ ከእህቴ የጤፍ ጎታ ውስጥ ተቀብሯል። ከሁሉም የሚብሰው፣ የፍኖተ ሰላምን ነገር ሰምታ በሕይወት መኖሬን አታውቅም።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። «የአባትህ ደንበኛ ቡሬ አለ አይደል? እሱ መርካቶ ወንድም አለው» አለችኝ። ነጋዴው አባቴ ዕድሜ ልኩን በርበሬውን ያስረከበው ሰው ነው። የቡሬና የአካባቢው በርበሬ በየዓመቱ ወደ መርካቶ በርበሬ ተራ ይጫናል፤ ወንድሙም እዚያ ይሸጥለታል። ነገሩን ሳስበው የእኔና የእርሱ ችግር ተቃራኒ ሆኖ አገኘሁት። የእርሱ ገንዘብ አዲስ አበባ ነው፤ ቡሬ ላይ እህል አስረክበውት ሒሳባቸውን የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉ፤ ባንክ ስለተዘጋ የሚከፍላቸው የለውም። የእኔ ገንዘብ እዚህ ነው፤ የሚፈለገው አዲስ አበባ ነው። እኔ ለእርሱ እዚህ ብሰጠው፣ ወንድሙ ለባለቤቴ እዚያ ቢሰጣት፣ አንድ ብር እንኳ መንገድ ሳያቋርጥ ሁለታችንም እንፈታለን። ነጋዴዎች ከባንክ በፊት ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው።

አንድ የአክስቴ ልጅ አብሮኝ ወጣ። አስፋልቱን ትተን በማንኩሳ በኩል በገበሬው መንደር መካከል አቋርጠን ሄድን። ነሐሴ ነውና በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ነበር፤ ያ በቆሎ ሰውሮናል ማለት እችላለሁ። ዝናቡ አያባራም፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ወንዙ ሞልቶ እስኪጎድል ቆመን መጠበቅ ነበረብን። ሩቅ ላይ ተኩስ ሲሰማ እርሻ ውስጥ እንተኛለን። ወገቤ ላይ የታሰረው የአባቴ ዛፍ፣ የልጆቼ ወለል፣ የእናቴ ተስፋ ነበር። የምፈራውም ሞቴን ብቻ አልነበረም፤ ሞቼ ያ ብር የማንም ሳይሆን እንዳይቀር ነበር።

ሲመሽብን አንድ ግቢ በር ላይ ቆመን «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነን» ብለን ጠራን። እንዲያ ባለ ጊዜ ማን ማንን ያምናል? ወንዶቹ በዱላ ወጡ። አንድ አዛውንት ግን ፊታችንን በባትሪ አይተው «ግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉን። የማን ልጅ እንደሆንን ጠየቁ፤ የአባቴን ስም ሲሰሙ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አሉ። እሳት አንድደው ልብሳችንን አደረቁልን፤ ሽሮና እንጀራ አቀረቡልን፤ እነርሱ መደቡን ለቀውልን ከከብቶቹ ዘንድ ተኙ። ሲነጋ ልጃቸው እስከሚቀጥለው መንደር መንገድ መራን። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በእንዲህ ያለ እጅ ነው የተላለፍነው።

ነጋዴው መደብሩን ዘግቶ እቤቱ ነበር። ጉዳዩን ነግሬው ሳልጨርስ ገባው። ብሩን አብረን ቆጠርነው።

«መምህር፣ ወረቀት ልጻፍልህ?» አለኝ።

«አባባ ከእርስዎ ጋር ሲሠራ ወረቀት ይይዝ ነበር?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው እኔም አልይዝም፣ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም ብሎ «የለም፣ እንጻፈው» አለ። «እኔ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም። ጊዜው ክፉ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ልጆቻችን እንዳይካካዱ።» ሁለት ቅጂ ጻፈና ጎረቤቱን ምስክር አድርጎ ፈረምን። አንዱን እኔ ያዝኩ፤ ሌላውን ሚስቱ ከዳዊቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ብሩን በዚያው ሳምንት ለገበሬዎቹ ሲያከፋፍል አየሁ።

የቀረው ወንድሙ ዘንድ ቃሉን ማድረስ ነበር። ድምፅ ብቻ የሚያስኬድ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ ነጋዴው ሌሊትም ሳይቀር እየተነሣ ይሞክር ነበር። አንድ ምሽት መስመሩ ያዘለት። ደኅና መሆኔን፣ የገንዘቡን መጠንና የባለቤቴን ስልክ ብቻ ተናግሮ ሳይጨርስ ተቋረጠ። ደርሶ ይሁን ሳይደርስ ሳናውቅ አደርን።

ደርሶ ኖሯል። ባለቤቴ ስትነግረኝ፣ የማታውቀው ሰው ደውሎ «የቡሬው ወንድሜ አደራ አለኝ፤ ባለቤትሽ ደኅና ነው» አላት። ስለ ብሩ የሰማችው ስልኩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደወል ነው፤ በመጀመሪያው ‹ደኅና ነው› የሚለውን ሰምታ መሬት ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። በማግሥቱ ወደ በርበሬ ተራ ስትሄድ አብራት የሄደችው ያቺ ዕጣዋ የተሰረዘባት ባልደረባዬ ናት። ሰውየው ገንዘቡን ሳያጎድል ሰጣት፤ የአገልግሎት ብሎ የጠየቀው አንድ ሳንቲም አልነበረም። ባልደረባዬ ከዚያም በኋላ አልተለየቻትም፤ ሴራሚክ ለመግዛት አብራት ተንከራተተች፣ ልጆቹን በቤቷ አዋለች። ያን ጊዜ ራሷ በኪራይ ቤት ነበረች፤ ዛሬም በኪራይ ቤት ናት።

የወለል ባለሙያው ግማሽ ሒሳብ ብቻ ተቀብሎ «ቀሪውን አባወራው ሲመጣ» ብሎ ጀመረ። ቆጣሪ ለማስገባት ግን የውሉ ባለቤት ራሱ ይቅረብ ወይም ውክልና ይምጣ ተብላ ተመለሰች። እኔ ካለሁበት ውክልና የሚያጸድቅ ቢሮ ክፍት አልነበረም። ስለዚህ ቤተሰቤ አዲሱን ዓመት የተቀበለው መብራት በሌለው፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ሸራ በተጋረደ ቤት ውስጥ ነው። ግን የራሳቸው ጣሪያ ስር ነበሩ፤ ማንም ውጡ አላላቸውም።

መንገዱ ሲከፈት በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጌ፣ አባይን ተሻግሬ ተመለስኩ። በየኬላው መታወቂያ እየታየ፣ እየወረድን እየተሳፈርን ነው የደረስነው። ትንሹ ልጄ በሩን ሲከፍትልኝ በቤቱ ውስጥ አዲስ የሲሚንቶ ሽታ ነበር። ለባለሙያው ቀሪ ሒሳቡን ከፈልኩት፤ ቆጣሪውም ገባ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት ያለኝ አሳብ ተደላድሏል። በእቅዳችን መሠረት አንድ ቀን ይህችን ቤት እናከራያታለን። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት አይሸጥም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። እኛም የመሸጥ አሳብ ኖሮን አያውቅም። አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ አይቀበልም፤ ጭማሪም እንደፈቀደው አያደርግም። አንዳንድ ጎረቤቶቼ በሕጉ ይማረራሉ። እኔ ግን በጳጉሜን ልጆቿን ይዛ ልትወጣ የነበረችው ባለቤቴ ስለሆነች ያንን ሁለት ዓመት እንደ ሸክም አላየውም። ከተከራየነው ቤት በለቀቅንባቸው በ2008 እና በ2010 እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮልን ቢሆን ልጆቻችን ትምህርት ቤት ባልቀያየሩ ነበር።

ቤት ገዝተው ለመኖርም ለማከራየትም የሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች ከእኔ የሚሰሙት ይህን ነው። ዕጣ ሲወጣላችሁ ለማጠናቀቂያው የሚሆነውን ገንዘብ ከቅድመ ክፍያው ለይታችሁ አስቡት። ለትዳር ጓደኛችሁ ሰላም ባለበት ቀን ሙሉ ውክልና ስጡ፤ እኔና ባለቤቴ አሁን አንዳችን ለሌላችን ሰጥተናል። የምታምኑትን ሰውና ያለባችሁን ገንዘብ ጽፋችሁ ሁለታችሁም የምታውቁት ቦታ አስቀምጡ። የቡሬው ነጋዴ እንዳለው፣ ወረቀቱ የሚያስፈልገው በመተማመን መካከል ሞት ሊገባ ስለሚችል ነው።

ለሚያበድሩና ለሚያስተዳድሩ ተቋማትም አንድ ልመና አለኝ። ባንኩ የተዘጋበት፣ ስልኩ የተቋረጠበት ከተማ ውስጥ ያለ ተበዳሪ መክፈል አልፈለገም ማለት አይደለም፤ መክፈያ በር አጥቷል። አካባቢው መዘጋቱ በይፋ በሚታወቅበት ጊዜ ቀነ ገደቡም አብሮ ይቁም፤ ቅጣቱም አይቆጠር። ይህ ቸርነት አይደለም፣ ፍትሕ ነው። በምዕራብ ጎጃም ብቻ ሳይሆን ጦርነት በረገጠው የአገራችን ክፍል ሁሉ በዚህ የተጎዱ ሰዎች አሉ።

የባንኩን ዕዳ በየወሩ እየከፈልኩ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። እርሱ በብር የሚያልቅ ዕዳ ነው። የመደቡን ቦታ የለቀቁልን አዛውንት፣ ሌሊት እየተነሣ ስልክ የሞከረው ነጋዴ፣ የራሷ ዕጣ ተሰርዞባት ለእኔ ቤት ሴራሚክ ያማረጠች ባልደረባዬ የዋሉልኝ ውለታ ግን በብር አያልቅም። ስለዚህ ልጆቼን አስቀምጬ ነግሬያቸዋለሁ፦ እኔና እናታችሁ አገራችን ስንገባ ቤቱን የምታስተዳድሩት እናንተ ናችሁ። ተከራዩ አገሩ ተዘግቶበት፣ መንገድ ተቆርጦበት ኪራይ ያዘገየ እንደሆነ ደውላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ደኅንነቱን ነው፤ የኪራዩን ነገር መንገዱ ሲከፈት ትነጋገራላችሁ።